ወረቀቱ በማን እጅ አለፈ? የለንደን ውጭ ጉዳይ ቢሮ በንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ዘመን

ባለወረቀቱ (ክር ከፋች) • ሰኞ፣ ማታ 3:15

ሰላም ለሁላችሁ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ከሥራ ስመለስ የማነበው ስለ አንድ ነገር ብቻ ሆኗል። ከ1901 እስከ 1910 ድረስ በለንደን የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሰው እንዴት ይውል እንደነበር። (በዚህ ክር ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

ንግሥት ቪክቶሪያ ሞተው ልጃቸው ኤድዋርድ 7ኛ የነገሡበት ጊዜ ነው። እንግሊዝ ከጃፓን ጋር በ1902፣ ከፈረንሳይ ጋር በ1904፣ ከሩሲያ ጋር በ1907 የተዋዋለችው በእነዚህ ዓመታት ነው። መጻሕፍቱ የሚያወሩት ስለ ሚኒስትሮቹና ስለ አምባሳደሮቹ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ወረቀቱ ነው። ከአምባሳደሩ እጅ ወጥቶ ሚኒስትሩ ጠረጴዛ ላይ እስኪደርስ በማን እጅ አለፈ? ማን ገለበጠው? ማን ነው መጀመሪያ ያነበበው?

የማውቀውን ልበል፣ እናንተ ጨምሩበት።

ሕንፃው ዋይትሆል ላይ ነው። ጊልበርት ስኮት የሚባል አርክቴክት ሠራው፣ በ1868 ተመረቀ። ከውጭ ሲያዩት ቤተ መንግሥት ነው። የሚሠራበት ሰው ግን ጥቂት ነበር። በረኛውንና ጽዳቱን ጨምሮ 200 አይሞላም። ከዓለም መሬት ሩብ ያህሉን የሚገዛ መንግሥት የውጭ ጉዳዩን የያዘው በዚህ ቁጥር ነው።

ጸሐፊዎቹ የሚገቡት ረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ነው። ረጅም ባርኔጣ፣ ጥቁር ኮት። ማታ ግን ቶሎ አይወጡም። ብዙዎቹ የትልልቅ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ለፈተና ለመቀመጥ እንኳ መጀመሪያ በሚኒስትሩ መታጨት ያስፈልጋል። ፈረንሳይኛ ግድ ነው። ለዚያ ፈተና ብቻ የሚያስጠኑ የግል አስተማሪዎች ለንደን ውስጥ ነበሩ።

ይህን ሁሉ አልፎ የገባ ወጣት ታዲያ ምን ይሠራል? ይገለብጣል። የመጣውን ደብዳቤ ያጣጥፋል፣ ጀርባው ላይ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ከማን እንደመጣ ይጽፋል፣ በቀይ ጥብጣብ ያስራል። በምስጢር ኮድ የመጣውን ቴሌግራም መጽሐፉን ገልጦ ይፈታል። የሚወጣውን ደግሞ ወደ ኮድ ይቀይራል። ሐሳብህ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀው የለም። አንዳንዱ በዚህ ሁኔታ ዓመታት ቆይቷል።

የዚህ አሠራር ጌታ ሰር ቶማስ ሳንደርሰን ነበሩ። ከ1894 እስከ 1906 የመሥሪያ ቤቱ ቋሚ ዋና ኃላፊ። መነጽራቸው በጣም ወፍራም ስለነበር ልጆቹ «መብራቶቹ» ይሏቸው ነበር። ሁሉን ራሳቸው ያነባሉ፣ ረቂቁን ራሳቸው ይጽፋሉ። ሥራቸውን ይወዱ ነበር፣ ያንን ማንም አይክድም። ግን አንድ ሰው ሁሉን ሲይዝ ከሥር ያለው አያድግም።

እኔ የደረስኩበት ነገር ይህ ነው፦ እንግሊዝ በ1906 ለጸሐፊዎቿ የሰጠችው ትልቁ ነገር ደሞዝ አይደለም፣ ማዕረግም አይደለም። ወረቀቱ ላይ ሐሳባቸውን የሚጽፉበት ቦታ ነው። እሱን ነገ እቀጥላለሁ።


የሾላ_ልጅ • ሰኞ፣ ማታ 4:02

ወንድሜ ጥሩ ነገር ከፈትክ። እኔ ያደግኩት እንግሊዝ ኤምባሲ አጠገብ ነው። ልጅ ሆነን አጥሩን ተከትለን ስንሄድ ግቢው አያልቅም ነበር። ውስጡ ጫካ ነው። ለኤምባሲ ይህን ያህል መሬት ማን ሰጣቸው እያልን እንከራከር ነበር። ስለዚያም ብታወራልን።

ሌላ ጥያቄ፦ ደሞዝ አይከፈላቸውም ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?


ባለወረቀቱ • ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:30

የሾላ ልጅ፣ ለለንደኑ ቢሮና ለውጭ አገር ሥራው መልሱ ይለያያል። ያኔ ሁለቱ የተለያዩ አገልግሎቶች ነበሩ። የለንደን ጸሐፊ ደሞዝ ነበረው። ኤምባሲ ውስጥ አታሼ ሆኖ የሚጀምር ወጣት ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በነፃ ነበር የሚሠራው። በዚያ ላይ ከቤተሰቡ በዓመት ቢያንስ 400 ፓውንድ ገቢ እንዳለው ማረጋገጥ ነበረበት። ሕጉ የተሻረው በ1919 ነው። ሁለቱ አገልግሎቶች የተዋሐዱትም ያኔ ነው።

እስቲ አስቡት። አባቱ ሀብታም ያልሆነ ልጅ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን በር ላይ ይቀራል። ይህ ነገር ያናድደኛል። ከመቶ ዓመት በኋላም ያናድደኛል።

ስለ አዲስ አበባው ግቢ ቆየት ብዬ እመለስበታለሁ። የተሻለ የሚያውቅ ካለ ይቅደመኝ።


እትዬ_መዝገብ • ማክሰኞ፣ ቀን 6:20

ልጆቼ፣ እኔ 31 ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ጡረተኛ ነኝ። ይህን ክር ልጄ ነው የላከልኝ። አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ባለወረቀቱ ያልከው መገልበጥና ማሰር ለእኔ የሕይወቴ ግማሽ ነው። ጠዋት ገቢ መዝገቡን እከፍታለሁ። መስመሮቹን በማስመሪያ አሰምራለሁ፦ ተራ ቁጥር፣ የደረሰበት ቀን፣ የላኪው ስም፣ የደብዳቤው ቁጥር፣ ጉዳዩ፣ የተመራለት ክፍል፣ የተረካቢ ፊርማ። ደብዳቤው ሲመጣ ማህተሙንና ቀኑን አያለሁ፣ አባሪውን እቆጥራለሁ። አባሪ ሦስት ገጽ ተብሎ ሁለት ከሆነ አልረከብም። ይህን አንድ ቀን የዘነጋ ሰው ከዓመት በኋላ መከራውን ያያል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። በሠራሁበት መሥሪያ ቤት የአንድ አባት የጡረታ ዶሴ ጠፋ። ሰውየው ሰባት ወር ተመላለሱ። ሁልጊዜ በሩ ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ዶሴው በመጨረሻ የተገኘው በሌላ ሰው ዶሴ ውስጥ ተጣብቆ ነው። አንድ ሰው በችኮላ ደራርቦ ስላሰራቸው። አገር የሚያህል ጉዳይ በአንድ ቋጠሮ ይጠፋል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። እነዚህ እንግሊዞች ከዓለም ሁሉ የሚመጣ ደብዳቤ እንዴት ነበር የሚመዘግቡት? አንድ ማዕከላዊ መዝገብ ቤት ነበራቸው ወይስ እያንዳንዱ ክፍል ለራሱ?


ባለወረቀቱ • ማክሰኞ፣ ማታ 2:45

እትዬ፣ እርስዎ የጠየቁት የነገሩ ልብ ነው። እጅ እነሳለሁ።

እስከ 1905 ድረስ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ወረቀት ራሱ ነበር የሚይዘው። የተማሩት ጸሐፊዎች የእርስዎን ሥራ እየሠሩ ዋሉ ማለት ነው። በዚያ ላይ ወረቀቱ ከዓመት ዓመት ይጨምራል። ቴሌግራሙ ይጨምራል። ጀርመን፣ ሩሲያ፣ ሞሮኮ፣ ቻይና፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የሚመጣው።

ለውጡን ከገፉት ሰዎች ዋናው ኤይር ክሮው ይባላል። የዚህ ሰው ነገር ይገርመኛል። የተወለደው ላይፕሲግ ጀርመን ነው፣ በ1864። እናቱ ጀርመን፣ ሚስቱም ጀርመን። ዩኒቨርሲቲ አልገባም። በ1885 ትንሽ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ፣ ሃያ ዓመት ያንን ወረቀት ሲያጣጥፍ ኖረ። ስለዚህ የት እንደሚያምም ያውቅ ነበር።

በ1906 አዲሱ አሠራር ተጀመረ። አጠቃላይ መዝገብ ቤት ተቋቋመ፣ ሥሩም ንዑስ መዝገብ ቤቶች ተደራጁ። መመዝገቡ፣ መገልበጡና ኮዱ ለመዝገብ ቤት ሠራተኞች ተሰጠ። ወረቀቱ መታጠፉ ቀረ። ተዘርግቶ ሽፋን ውስጥ ይገባል። እነሱ ሽፋኑን «ጃኬት» ይሉታል። ጃኬቱ ላይ ቁጥሩና ጉዳዩ ይጻፋል፣ ከሥሩ ባዶ ቦታ ይተዋል። በዚያ ባዶ ቦታ መጀመሪያ የሚጽፈው ትንሹ ጸሐፊ ነው። «ይህ ደብዳቤ እንዲህ ይላል፣ ከዚህ በፊት እንዲህ ብለን ነበር፣ እኔ እንዲህ ብንመልስ እላለሁ» ብሎ ስሙን በምሕፃረ ቃል ያኖራል። ቀጥሎ የክፍሉ ኃላፊ። ከዚያ ቋሚ ዋና ኃላፊው፣ ከ1906 ጀምሮ ሰር ቻርልስ ሃርዲንግ። መጨረሻ ላይ ሚኒስትሩ ሰር ኤድዋርድ ግሬይ፣ «ኢ.ጂ.» ብለው።

በእኛ ቢሮ ደብዳቤ የሚመራው ከላይ ወደ ታች ነው አይደል? አለቃው ጠርዙ ላይ «ለእገሌ፣ አጣርተህ አቅርብ» ብሎ ይመራል። እዚያ ሐሳቡ ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ ወጣ። በአንድ ጃኬት ላይ የሃያ አምስት ዓመት ልጅና ሚኒስትሩ ጎን ለጎን ጻፉ።

ውጤቱ ወዲያው ታየ። ጥር 1 ቀን 1907 ክሮው ራሱ ስለ ጀርመን ረጅም ማስታወሻ ጻፈ። እንግሊዝ ከፈረንሳይና ከጀርመን ጋር ያላት ግንኙነት የት እንደደረሰ፣ ጀርመንን በመለማመጥ የሚገኝ ሰላም እንደሌለ። ግሬይ ለጠቅላይ ሚኒስትሩና ለዋና ዋና ሚኒስትሮች እንዲዞር አዘዙ። አምባሳደር ሳይሆን የአንድ ክፍል ኃላፊ የጻፈው ነው።

ይበልጥ የምወደው ግን መልሱን ነው። ጡረታ የወጡት ሳንደርሰን ማስታወሻውን አንብበው በየካቲት ወር መልስ ጻፉ። ክሮው ጀርመን ላይ አብዝቷል አሉ። እኛስ በሌላው ዓይን ምን እንመስላለን ብለው ጠየቁ። የእንግሊዝ ግዛት በምድር ሁሉ የተዘረረ ግዙፍ ሰው ነው፣ የእጁም የእግሩም ጣቶች ሪህ ይዟቸው በየአቅጣጫው ተዘርግተዋል፣ ማንም ሊጠጋው አይችልም፣ ወዲያው ይጮኻል፤ አባባላቸው ይህን የመሰለ ነው። ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ ያንን ግዙፍ አገልግለው ነው ይህን የጻፉት። ለዚህ አከብራቸዋለሁ።


አንባቢ_ከጅማ • ማክሰኞ፣ ማታ 4:30

ይቅርታ አድርጉልኝና አንድ ነገር ልበል። ጽሑፉ ጥሩ ነው። ግን ስለ እነዚህ ሰዎች በፍቅር ስናወራ ትንሽ ይከብደኛል። በዚያው 1906፣ በዚያው ሕንፃ፣ ያ ጃኬትና ያ ቀይ ጥብጣብ ኢትዮጵያንም አስረዋል። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን ቁጭ ብለው ስለ እኛ ተዋዋሉ። ምኒልክ በሕይወት እያሉ! ከመቀመጫው ላይ አንድ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ይህን ሳንነካ ማለፍ የለብንም።


ባለወረቀቱ • ማክሰኞ፣ ማታ 5:05

ልክ ነህ ወንድሜ። እንዲያውም ወደዚህ ታሪክ የገባሁት በእሱ በኩል ነው።

የሦስቱ መንግሥታት ውል የተፈረመው ታኅሣሥ 13 ቀን 1906 ለንደን ውስጥ ነው። ፈራሚዎቹ ግሬይ፣ የፈረንሳዩ አምባሳደር ፖል ካምቦንና የጣልያኑ አምባሳደር ሳን ጁሊያኖ ናቸው። ወረቀቱ የኢትዮጵያን ነፃነት እናከብራለን ብሎ ይጀምርና ቀጥሎ እያንዳንዱ ጥቅሙን ይለያል፦ እንግሊዝ የዓባይን ውኃ፣ ፈረንሳይ የጅቡቲን ባቡር መስመር፣ ጣልያን ከኤርትራና ከሶማሊያ ጀርባ ያለውን አገር።

አንድ ነገር ልጨምር። ግሬይና ካምቦን ሲነጋገሩ ግሬይ በእንግሊዝኛ ይናገራሉ፣ ካምቦን በፈረንሳይኛ ይመልሳሉ። ካምቦን ለንደን ከ1898 እስከ 1920 ተቀምጠው በሥራ ላይ ከቋንቋቸው አልወጡም። ሁለቱም ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል ይናገሩ ነበር፣ ለመግባባት። ለእርስ በርስ ቋንቋቸው ያን ያህል ተጠነቀቁ። ስለ አማርኛ የሚጨነቅ ሰው ግን በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም።


አስተርጓሚ_ከቨርጂኒያ • ረቡዕ፣ ጠዋት 12:50

ይህን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር አንብቤ ተነካሁ። እዚህ አሜሪካ ሆስፒታልና ፍርድ ቤት ነው የማስተረጉመው፣ አማርኛና እንግሊዝኛ። አንድ ግሥ ሲሳት ሰው ምን እንደሚሆን በየቀኑ አያለሁ።

እኛ ይህን ትምህርት በ1889 በውጫሌ ከፍለንበታል። በአንቀጽ 17 አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ በጣልያን በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ከዚያ ያለው አድዋ ድረስ ይሄዳል። ስለዚህ በኤድዋርድ ዘመን ምኒልክ ውል ሲመጣላቸው በግማሽ ልብ የሚያነቡ ሰው አልነበሩም። የሱዳንን ድንበር ውል ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (በፈረንጅ ግንቦት 15 ቀን 1902) ከእንግሊዙ ተወካይ ከሃሪንግተን ጋር ሲዋዋሉ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ነው የተጻፈው። ስለ ጣና፣ ስለ ዓባይና ስለ ሶባት ውኃ ዛሬ ድረስ የሚያከራክረን 3ኛው አንቀጽ እዚያ ውስጥ ነው።

አሁን ስለ አዲስ አበባው ቢሮ ልናገር። ባለወረቀቱ የለንደንን ወረቀት አሳየን፣ የእኛስ ምን ይመስላል? የምኒልክ ደብዳቤ ላይ ማህተሙ ከላይ ነው። እላይኛው ጫፍ፣ መሐል ላይ። ከሥሩ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሥዩመ እግዚአብሔር ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ይላል። ቀጥሎ ይድረስ። ቀጥሎ እንዴት ሰንብተሃል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከዚያ ነው ጉዳዩ የሚመጣው፣ በአጭሩ። መጨረሻ ላይ ቀኑና የተጻፈበት ከተማ። ለንደን ውስጥ ሥልጣን ከታች ነው የሚገኘው፣ ሁሉም ጽፎ ሲያበቃ በምሕፃረ ቃል። እኛ ዘንድ ሥልጣን መጀመሪያ ይቀመጣል፣ ቃሉ ከሥሩ ይከተላል። ገና ሳታነብ የማን ቃል እንደሆነ ታውቃለህ።

ጸሐፊውም አንድ ሰው ነው ማለት ይቻላል። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ። የንጉሡን ቃል ከአፋቸው ተቀብለው የሚያጽፉ። በውጭ ጉዳይ በኩል ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ለዓመታት ያማክሩ ነበር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሚባል ሹመት የመጣው ሚኒስትሮች በተሾሙ ጊዜ፣ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ነው። ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ንግድንና ውጭ ጉዳይን አብረው ያዙ።

ስለ 1906ቱ ውል ደግሞ አንባቢ ከጅማ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ረቂቁ ለምኒልክ ቀድሞ ተልኮላቸው ነበር። መልስ የሰጡትም ከፊርማው በፊት ነው። ታኅሣሥ 1 ቀን 1899 ዓ.ም.፣ ፊርማው ታኅሣሥ 4 (በፈረንጅ ታኅሣሥ 13) ነው። መልሳቸው አጭር ነው። የመንግሥታችንን ነፃነት ለማክበር ማሰባችሁን ስላስታወቃችሁን እናመሰግናለን፤ ነገር ግን ይህ ውል የእኛን የባለቤትነት መብት በምንም አይወስንም፤ ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው። ከመቀመጫው ላይ ኢትዮጵያዊ አልነበረም ብለሃል። እውነት ነው። ግን ዶሴው ውስጥ ቃላችን አለ። ማህተሙ ከላይ ሆኖ።


አንባቢ_ከጅማ • ረቡዕ፣ ጠዋት 2:10

መልሱ ከፊርማው በኋላ የተጻፈ ይመስለኝ ነበር። አመሰግናለሁ ወንድሜ። «ዶሴው ውስጥ ቃላችን አለ» ያልከውን ወስጃለሁ።


የሾላ_ልጅ • ረቡዕ፣ ቀን 8:00

እኔም ከሰፈሬ የማውቀውን ላካፍል።

ግቢውን የሰጡት ምኒልክ ናቸው። ለየለጋሲዮኑ ከከተማው ወጣ ያለ ሰፊ መሬት ሰጡ። ያኔ ለጋሲዮን ነበር የሚባለው፣ ኤምባሲ የሚለው በኋላ የመጣ ነው። ሃሪንግተን ከሶማሌ ጠረፍ ከዘይላ በ1898 መጥተው እዚያ ሰፈሩ። የእንግሊዝ መንግሥት ተወካይ ቢሮ ሲባል ግንብ እንዳይመስላችሁ። ጎጆ ነበር። ጭቃ ግድግዳ፣ የሣር ክዳን።

በታኅሣሥ 1909 ካፒቴን ቴሲጀር የሚባሉ ሚኒስትር (ያኔ የለጋሲዮን ኃላፊ ማለት ነው) ሆነው መጡ። ልጃቸው ዊልፍሬድ ሰኔ 3 ቀን 1910 እዚያው ጎጆ ውስጥ ተወለደ። በኋላ የዓረቢያን በረሃ በግመል ያቋረጠው ዝነኛው ተጓዥ ማለት ነው። ንጉሥ ኤድዋርድ የሞቱት ግንቦት 6 ቀን 1910 ስለሆነ ዘመኑ ካለፈ ከአንድ ወር በታች ነው። የድንጋዩ ቤት ያኔ እየተሠራ ነበር።

አሁን ጥያቄዬ። ከዚያ ጎጆ የተጻፈ ደብዳቤ ለንደን ያ ጃኬት ውስጥ እስኪገባ እንዴት ነበር የሚሄደው?


ባለወረቀቱ • ረቡዕ፣ ማታ 3:20

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር።

የጅቡቲው ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 መጨረሻ ነው። አዲስ አበባ የገባው በ1917። ስለዚህ በዚህ ዘመን ሁሉ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ በቅሎና ግመል ነው። ሲራራ ነጋዴ፣ ዝናብ፣ የአዋሽ በረሃ። አንድ ደብዳቤ ብቻውን ሳምንታት ይፈጃል፣ ከዚያ ባሕሩ አለ። በቴሌግራም በኩል ጣልያኖች ከአስመራ አዲስ አበባ ያለውን መስመር በ1904 ጨረሱ። ግን አስቡት፣ የእንግሊዝ ተወካይ በጣልያን መስመር መልእክቱን ሲልክ። ለዚህ ነው ኮዱ የሚያስፈልገው።

ስለዚህ ሃሪንግተን አንድ ነገር ለመወሰን ለንደንን ጠይቆ መልስ እስኪያገኝ ጉዳዩ አልፎበት ይሆናል። እዚያው በራሱ ሐሳብ ይወስናል፣ ከዚያ ለምን እንደወሰነ ይጽፋል። ለንደን ላይ ያለው ወጣት ጸሐፊ ያንን ደብዳቤ ሲከፍት የሚያነበው ያለፈውን ነው። ጃኬቱ ላይ «ተስማምተናል» ብሎ ከመጻፍ ሌላ ምን ሊያደርግ?

በአውሮፓ በኩል ያለውን መንገድ ደግሞ ልንገራችሁ። ጽኑ ምስጢር የሆነው ወረቀት በፖስታ አይሄድም። የንጉሥ መልእክተኞች የሚባሉ ሰዎች አሉ። ከረጢቱን ከአውሮፓ ዋና ከተሞች በእጃቸው ይዘው ይመላለሳሉ። መለያቸው ከብር የተሠራ ትንሽ የአደን ውሻ ነው፣ በሰማያዊ ሪባን አንገት ላይ የሚንጠለጠል። በወጉ እንደሚባለው ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ በስደት ሳሉ ከብር ሳህናቸው ላይ የነበሩትን ውሾች ሰብረው ለታማኝ መልእክተኞቻቸው ሰጡ። እውነት ከሆነ ደስ የሚል ነገር ነው። የሰው እምነት በሳህን ቁራጭ ሲታወቅ።

ሌሊትስ? ቴሌግራም ሌሊት አይተኛም። ስለዚህ እዚያው ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ የሚያድሩ ጸሐፊዎች ነበሩ። ተራ ይገባሉ። ከሌሊቱ በ8 ሰዓት ቴሌግራም ይመጣል፣ ይነሣል፣ ምድጃው አጠገብ መብራት ይዞ ኮዱን ይፈታል። ቁጥር በቁጥር። ከዚያ ይወስናል፦ ሚኒስትሩን ልቀስቅስ ወይስ ይንጋ? እኔ እንደማስበው በዚያ ሕንፃ ውስጥ ከሁሉ ከባዱ ውሳኔ ይህ ነው። ማንም አልመዘገበውም እንጂ።


ከክሮይደን • ረቡዕ፣ ማታ 5:40

ሰላም ነው፣ ለንደን ነው የምኖረው። በየዓመቱ መስከረም ላይ ትልልቅ ሕንፃዎች ለሕዝብ የሚከፈቱበት ቀን አለ። ይህም ሕንፃ ይከፈታል። ሁለት ጊዜ ገብቻለሁ። ሁለተኛው ላይ እናቴን ይዤ ነበር፣ ከጎንደር ልትጠይቀኝ መጥታ።

ደረጃው ያፈዛል። ወርቅ፣ እብነ በረድ፣ የተቀባ ጣሪያ። እናቴ መሐል ላይ ቆማ ቀና ብላ አየችና «ይህን ሁሉ ማን ይጠርገዋል?» አለች። እኔ ፎቶ ሳነሳ እሷ የእብነ በረዱን ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰች፣ አቧራ እንዳለው ለማየት። ከዚህ ክር በኋላ ጥያቄዋ ልክ እንደነበር ገባኝ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ ግሬይ። ሥራ የጀመሩት በታኅሣሥ 1905 ነው። ያን ዕለት ለንደን ጭጋግ ውጧት ስለነበር ከቤተ መንግሥት ማኅተማቸውን ተቀብለው ሲመለሱ ሚኒስትሮቹ መንገድ ጠፋባቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በየካቲት 1906፣ ሚስታቸው ከሠረገላ ወድቀው ሞቱ። የሞሮኮ ጉዳይ ስፔን ውስጥ አልጄሲራስ ላይ በተደረገው ጉባኤ እያከራከረ ነበር። ሥራዬን ልልቀቅ ቢሉም አልተፈቀደላቸውም። ወዲያው ወደ ጠረጴዛው ተመለሱ። ወፍ የሚወዱ፣ አሳ ማጥመድ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ዓይናቸውም እየደከመ ሄደ። ያንን ሁሉ ወረቀት በደከመ ዓይን። ስለ ውሉ ያለኝ ቅሬታ እንዳለ ሆኖ፣ ይህን ሳስብ አዝንላቸዋለሁ።

ስለ ሴቶች ማንም አላነሳም። ነበሩ?


ባለወረቀቱ • ሐሙስ፣ ጠዋት 1:15

ነበሩ። የታይፕ ጸሐፊዎች። የመጀመሪያዋ በ1889 ነው የተቀጠረችው። በኤድዋርድ ዘመን ራሳቸውን የቻሉ ክፍል ሆነዋል። ከወንዶቹ ተለይተው ነው የሚቀመጡት። ግሬይ የፈረሙበትን ደብዳቤ እነሱ ናቸው የመቱት። ግን በጃኬቱ ላይ አንድም መስመር የመጻፍ መብት አልነበራቸውም። ሴት ዲፕሎማት መሆን የተፈቀደው በ1946 ነው። ያውም ካገባች ሥራዋን ትለቃለች። ይህ ደግሞ እስከ 1970ዎቹ ድረስ ቆየ።

በ1906 ለጸሐፊዎቹ የሐሳብ ቦታ ተሰጠ ብዬ ነበር። ለወንዶቹ ብቻ ማለት ነበረብኝ።


እትዬ_መዝገብ • ሐሙስ፣ ቀን 7:30

ልጄ፣ ይህን ስላልክ እግዚአብሔር ይስጥህ።

እኔ መዝገብ ቤት ከመግባቴ በፊት አራት ዓመት ታይፒስት ነበርኩ። በአማርኛ ታይፕ። ያ መኪና ፊደላችንን አይችልም ነበር። ለአንዳንዱ ፊደል መሠረቱን ትመታለህ፣ ወደኋላ ትመለሳለህ፣ ቅጥያውን ትደርባለህ። «ቋ»ን ለመጻፍ የሚፈጀውን ጊዜ አሁን ለልጆቹ ብነግራቸው አያምኑኝም። ሦስት ግልባጭ በካርቦን። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ሦስቱንም ታጠፋለህ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ።

አንድ ቀን የምመታው ደብዳቤ ውስጥ የዓመተ ምሕረቱ ቁጥር ልክ አልነበረም። አባሪው ሌላ ይላል። ረቂቁን የጻፉት ትልቅ ሰው ናቸው። ፈራሁ። ከዚያ እርሳስ አንሥቼ በቀጭኑ ጠርዙ ላይ «አባሪውን ይመልከቱ» ብዬ ጻፍኩ። ስሜን አልጻፍኩም። ተመልሶ ሲመጣ ቁጥሩ ተስተካክሏል። የእርሳሱ ጽሑፍ ተጠፍቷል። ማን እንደጻፈው የጠየቀ የለም።

እነዚያ ለንደን ያሉ ልጃገረዶችም እንዲህ ያለ የእርሳስ ጽሑፍ ጥለው ይሆናል እላለሁ። ከክሮይደን፣ አንቺ ልጅ፣ የሚቀጥለው መስከረም ከገባሽ ያ የታይፕ ክፍል የት እንደነበር ጠይቂልኝ። እናትሽንም ሰላም በይልኝ።


ከክሮይደን • ሐሙስ፣ ማታ 2:05

እሺ እትዬ። እጠይቅልዎታለሁ። እናቴም አብራኝ ናት፣ አሁን አነበብኩላት። እግዜር ይስጥልኝ ብላለች።